መስታወቱን ማን ይወልውለው?

ሚርል ላደርማን ዩክሊስ ኒውዮርክ ውስጥ ጨርቅ እየጠቀጠቀች ቅርጾችን የምትሠራ ወጣት አርቲስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ማጠቡ፣ ማብሰሉና ማጽዳቱ ቀኗን ዋጠው። በዓመቱ ባወጣችው ማኒፌስቶ ታዲያ ይኸው ማጽዳትና መንከባከብ ጥበቤ ነው ስትል አወጀች። ከዚያ ወዲህ የምትቀርጸው ነገር፣ ሰው ለሥራ የሚሰጠው ደረጃ ሆነ።

አሠራሯን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው በ1973 በኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ በሚገኘው ዋድስዎርዝ አቴኒየም ሙዚየም ያቀረበችው ክዋኔ ነው። በሙዚየሙ የግብፅ ሙሚ የተቀመጠበት የመስታወት ሣጥን ነበር። በመጀመሪያ የጽዳት ሠራተኛው እንደ ልማዱ ወለወለው። ቀጥላ እሷ ያንኑ መስታወት ወለወለችና የጥበብ ሥራ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም መታችበት። አሁን መስታወቱ የጥበብ ሥራ ሆኗልና የጽዳት ሠራተኛው ሊነካው አይፈቀድለትም፤ በሙዚየሙ ደንብ ይህ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያው ድርሻ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ዙር ባለሙያው መጥቶ ወለወለው። መስታወቱ ያው፣ ሥራው ያው፤ የተለወጠው የሠሪው ማዕረግ ብቻ ነው። ስለ ሥራ ክብርና ንቀት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከዚህች አጭር ክዋኔ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላየሁም። እዚያው ሙዚየም ደረጃውንና ወለሉንም ተንበርክካ ለሰዓታት አጥባለች።

በ1977 በኒውዮርክ ከተማ የጽዳት መሥሪያ ቤት ያለ ደመወዝ አርቲስት ሆና ገባች። ከ1979 እስከ 1980፣ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ከተማዋን እየዞረች 8,500 የጽዳት ሠራተኞችን አንድ በአንድ ጨበጠች፤ ኒውዮርክን በሕይወት ስላቆየህ አመሰግናለሁ እያለች። ገና በማለዳ ስም ሲጠራ ትገኛለች፤ የቆሻሻ መኪናውን ተከትላ ትሄዳለች፤ ሲያነሡና ሲወረውሩ የሰውነታቸውን እንቅስቃሴ አብራ ትደግማለች። እነሱም ሰው እንደሚሸሻቸው፣ ከሚያነሡት ቆሻሻ ለይቶ እንደማያያቸው ነገሯት። ለእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ መዘርጋት ቀላል ነገር አይደለም። በ1983 ደግሞ አንድ የቆሻሻ መኪና በመስታወት አለበሰች፤ መንገደኛው መኪናውን ሲመለከት የቆሻሻውን ባለቤት፣ ራሱን ያያል። በቀጣዩ ዓመት ሠራተኞቹ የሚሰደቡባቸውን ቃላት በአንድ ጋለሪ መስታወት ላይ ጻፈችና ከየኑሮ ደረጃው የተጋበዙ ሰዎች በእጃቸው አጥበው እንዲያጠፏቸው አደረገች።

ዝናው ለአርቲስቷ፣ ሸክሙ ለሠራተኛው አልቀረም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጨበጠችው እጅ በማግስቱም ያንኑ ቆሻሻ ነው የሚያነሣው። አንድ ሰሞን ብቅ ብለው ሥራቸውን አሳይተው ከሚሄዱት አርቲስቶች የሚለያት ግን አለመሄዷ ነው። በ2016 ኩዊንስ ሙዚየም የዘመናት ሥራዋን የሚያሳይ ትልቅ ዐውደ ርእይ ሲከፍትላት፣ ዩክሊስ አሁንም የጽዳት መሥሪያ ቤቱ አርቲስት ነበረች።