ቀፎ የሚደፍረው የእሳት ራት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የወፍ ዋሻ ደን ጽድና ዝግባ ከደጋው ጋር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ የይፋት ቆላ ይጀምራል። ከደጋው ድንች እስከ ቆላው ቲማቲምና ትምባሆ፣ በየመንገዱ ዳር ከሚበቅለው አስተናግር ጋር፣ ሁሉም የአንድ ግዙፍ የእሳት ራት ቀለብ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ አኬሮንቲያ አትሮፖስ ይባላል፤ በአፍሪካ በሰፊው ይገኛል።

መለያው ጀርባው ላይ ነው። ከራሱ ዝቅ ብሎ የሰው የራስ ቅል የመሰለ ቢጫ ምልክት አለው። ሆዱ በቢጫና በጥቁር የተዥጎረጎረ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ 13 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል።

እናቲቱ እንቁላሎቿን በየቅጠሉ ነጠላ ነጠላ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል እየፋፋ ሄዶ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ይሆናል፤ ጭራው ላይ ቆልመም ያለ ቀንድ አለው። እንደ አባጨጓሬ ፀጉር ስለሌለው አይለበልብም። ጠግቦ ሲያበቃ አፈር ውስጥ ገብቶ ቅርጹን ይለውጣል።

ካደገ በኋላ ግን ቅጠል አይነካም፤ ማር ፍለጋ ሌሊት ቀፎ ይገባል። መምጠጫው አጭርና ጠንካራ በመሆኑ የሰሙን ክዳን በስቶ ማሩን ይመጥጣል። ሰውነቱ ላይ የንቦችን ጠረን የሚመስሉ ቅባቶች ስላሉት ጠባቂዎቹ በቀላሉ አይለዩትም። ሲነካ ደግሞ እንደ አይጥ ይጮኻል፤ አየር ወደ ጉሮሮው ስቦ መልሶ ሲያስወጣው የሚፈጠር ድምፅ ነው።

በረራውም ያስደንቃል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 14 የእሳት ራቶች ላይ ጥቃቅን ማሠራጫ አስሮ በአውሮፕላን ተከትሏቸዋል፤ ነፋስ እያንገላታቸውም ቢሆን በአልፕስ ተራሮች ላይ አቅጣጫቸውን ሳይስቱ በረዋል።

ሰውን አይናከስም፤ በምልክቱ የተነሣ እንደ ክፉ ገድ መታየቱም መሠረት የለውም። ትሉ ድንች ላይ ሲገኝ በእጅ ለቅሞ ማንሣት ይቻላል፤ ፀረ ተባይ መርጨት ግን ንቦቹንም ይጎዳል። ንብ አናቢ የቀፎውን በር ንብ ብቻ እስኪያሳልፍ ድረስ ቢያጠብበው ይህ ወፍራም ሌባ መግቢያ ያጣል።