የአንድ ሐረግ ሁለት ወራሾች፦ ከኔሮ ፍርስራሽ እስከ ቁበት አስ-ሰኽራ

እ.ኤ.አ. በ1480 ገደማ የሮም ሠዓሊዎች ችቦ ይዘው ከመሬት በታች ወዳለ ጨለማ ስፍራ ይወርዱ ነበር። ዋሻ የመሰለው ይህ ስፍራ፣ ንጉሠ ነገሥት ኔሮ በ64 በሮም ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ያሠራው «ወርቃማው ቤት» ነበር። ክፍሎቹ በአፈር ተሞልተው ስለነበር ሠዓሊዎቹ ወደ ጣሪያው ተጠግተው የጥንቱን ሥዕል ቀዱ።

በቀጫጭን ሐረጎች ላይ የቆሙ ሕንጻዎች፣ ከወገባቸው በታች ቅጠል የሆኑ ፍጥረታትና ጭምብሎች ግራና ቀኝ ተመጣጥነው ተሥለዋል። ጣልያኖች ዋሻን «ግሮታ» ስለሚሉ ጌጡ «ግሮቴስክ» ተባለ። ራፋኤልና ረዳቱ ጆቫኒ ዳ ኡዲኔ በ1519 በተጠናቀቀው የቫቲካን ሎጂያ ይህንኑ ስልት አደሱት። በንድፍና በኅትመትም ወደ አንጥረኞችና ሸማኔዎች እጅ ደረሰ።

ይሁንና የጥንቱ ሐረግ ሌላም ወራሽ ነበረው። የኔሮ ቤት ተቀብሮ በቆየባቸው ዘመናት፣ ሐረጉ በሻምና በቁድስ ሕያው ነበር። ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን ያሠሩትና በ72 ዓመተ ሂጅራ የታነጸው ቁበት አስ-ሰኽራ፣ የወይን ሐረግና የአካንቱስ ቅጠል በሞዛይክ ተሥለውበታል፤ የሰውም ሆነ የእንስሳ ምስል ግን የለበትም። ከዚያ በኋላ የመጡ ሙስሊም ጠቢባን ቅጠሉን ከተፈጥሮ መልኩ አርቀው ከጂኦሜትሪ ሥርዓት ጋር አዋሐዱት። አውሮፓውያን «አረቤስክ» ያሉት ጌጥ ከዚህ ተወለደ።

ጌጡ በነሐስ ዕቃ፣ በሐርና በምንጣፍ ንግድ ወደ ጣልያን ተሻገረ። ፍሎረንሳዊው ፍራንቼስኮ ፔሌግሪኖ በ1530 ፓሪስ ላይ ያሳተመው የጥልፍ ንድፍ መጽሐፍ፣ የዐረብንና የጣልያንን ስልት በርዕሱ ጎን ለጎን ጠርቷል።

የአውሮፓ ህዳሴ ጥንታዊውን ጥበብ ከፍርስራሽ ብቻ እንዳገኘው ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይነገራል። የንድፍ ወረቀቶቹ ግን ሌላም መንገድ እንደነበረ ይመሰክራሉ፤ አንደኛው ቅርንጫፍ ከአፈር ሥር ተቆፍሮ ወጣ፣ ሁለተኛው ከሙስሊም ባለሙያዎች እጅ ተገኘ። በአማርኛ «ሐረግ» ተክሉንም፣ የብራና ጌጡንም፣ የዘር መስመሩንም ይጠራል። የሁለቱን ጌጦች ዝምድና ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም።