ስለ ወታደር ሰላምታና በእርሱ ምክንያት ስለሚደርሰው መደናገር

ቀኝ እጅን ወደ ቆብ ጠርዝ አንሥቶ መልሶ ማውረድ ሲያዩት ከሁለት አፍታ የማያልፍ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚህች አጭር ሥራ ምክንያት ታላላቅ ሰዎች ሲያፍሩ፣ ታናናሾችም ሲቀጡ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነው ሰው ደግሞ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ሲቸገር የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ወታደር ሰላምታ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል። ነገሩ የጦር ሰፈር እንጂ የቤት ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ልጆቹ በግቢው ውስጥ ዱላ ተሸክመው ሲሰለፉ አንድ ጊዜ ወጣ ብሎ ይመልከት።

ከአዲስ ዓለም ሆነን መጻፋችንም ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ዓለም ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት እየጠፋ በሄደ ጊዜ፣ መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት ያስቈረቈሯት ከተማ ናት። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በመብቀሉ አዲስ አበባ ከመፈታት ዳነች፤ በአዲስ ዓለም ኮረብታ ላይ የተሠራውም ቤተ መንግሥት የእመቤታችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንዲህ ሆኖ ከተማችን ዘውድ ሳታገኝ ቀረች፤ ወታደር ግን አልታጣባትም። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ በታጠቅ፣ ቀጥሎም በሆለታ በኩል ያልፋል። በሆለታ ዕጩ መኮንኖች፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶም በታጠቅ እልፍ አእላፍ ገበሬዎች እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ማንሣት የተማሩት በዚሁ በአንዱ መንገድ ዳር ነው።

ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ሰላምታ አታውቅም ነበር ማለታችን አይደለም። እንዲያውም እጅግ አብዝታ ታውቅ ነበር። የበታች የሆነ ሰው ጌታውን በመንገድ ባገኘ ጊዜ ከበቅሎው ይወርዳል፤ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል፤ ዐይኑን ወደ ምድር ሰብሮ ከወገቡ ለጥ ብሎ እጅ ይነሣል። የኩታው አለባበስ ብቻውን የሰጪውንና የተቀባዩን ማዕረግ ይናገር ነበር። የወታደር ሰላምታ ግን ይህን ሁሉ ገልብጦ ያዛል፤ ጎንበስ አትበል፣ ቀጥ በል፤ ዐይንህን አትስበር፣ አለቃህን ትክ ብለህ እይ፤ ቆብህንም አታውልቅ ይላል። በጌታ ቤት ላደገ ሰው የበላይን ዐይን ለዐይን ማየት ድፍረት ነበረና፣ አዲሱ ሥርዓት አክብሮት ሳይሆን ጠብ የሚፈልግ ሰው አቋም መስሎ ቢታየው አያስደንቅም።

ከሁለቱ ሥርዓቶች የተወለደ ሦስተኛ ሥርዓትም አለ። ይህንንም በከተማችን በአረጋውያን ዘንድ እስከ ዛሬ እናየዋለን፤ ይኸውም እንደ አባቶች ከወገብ ጎንበስ እያሉ፣ እንደ ወታደር ደግሞ እጅን ወደ ግንባር ማንሣት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ባርኔጣውን በገዛ ጣቱ ገፍቶ ይጥለዋል። ባርኔጣ የሌለው እንደ ሆነም ጋቢውን የያዘበት ያው ቀኝ እጁ ነውና፣ እጁ ወደ ላይ ሲሄድ ጋቢው ወደ ታች ይሄዳል። እኛም በቄስ ትምህርት ቤት የየኔታን ጉልበት መሳም፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ቆሞ እጅ መጨበጥ የተማርን ስለ ሆነ፣ ሁለት ሰላምታ ባንድ አካል ውስጥ ሲጋጭ ምን እንደሚመስል ጥቂት እናውቃለን።

የእጅ ሰላምታ ከወዴት መጣ ለሚል ሰው፣ በጥንት ዘመን የብረት ልብስ የለበሱ ፈረሰኞች ፊታቸውን ለማሳየት የራስ ቁራቸውን መከለያ ከፍ ያደርጉ ስለ ነበር ነው ብለው የሚመልሱ አሉ። ታሪኩ ያማረ ነው፤ ማስረጃ ግን የለውም። በጽሑፍ የሚገኘው ነገር ከዚህ ይልቅ ወደ ቤት እመቤት ጉዳይ የቀረበ ነው። የእንግሊዝ ወታደር ቀድሞ አለቃውን ሲያይ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1745 የወጣ የአንድ ክብር ዘበኛ ክፍል ትእዛዝ ግን ማውለቁን ትተው እጃቸውን ወደ ባርኔጣው ብቻ እንዲያነሡ አዘዘ። በ1762 የወጣው ሌላ ትእዛዝም ምክንያቱን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ባርኔጣ በየጊዜው ሲወልቅ ቅርጹ ይበላሻል፣ ጌጡም ይቈሽሻል አለ። እንግዲህ ዓለምን ያንቀጠቀጡ ጄኔራሎች የሚለዋወጡት ሰላምታ ልብስ እንዳይቈሽሽ ከማሰብ ጋራ ተዛምዶ አድጓል ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ እንደየአገሩ ተለዋወጠ። የእንግሊዝ እግረኛ መዳፉን ወደ ፊት ያሳያል፤ መርከበኛውና አሜሪካዊው መዳፉን ወደ ታች ይመልሳል፤ ፖላንዳዊው በሁለት ጣት ብቻ ሰላም ይላል። እንግሊዛዊም ራሱን ሳይሸፍን እጁን አያነሣም።

ወደ አገራችን እንመለስ። አስቀድሞ ክብር ዘበኛን የቤልጅግ መኮንኖች ያሠለጥኑ ነበር። በዚያን ጊዜ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ወታደሩ ካኪ ለብሶ፣ ጠመንጃውን ይዞ፣ በባዶ እግሩ ተሰልፎ ይታያል። የአውሮፓ ሰላምታ ግን ግማሹ የእጅ፣ ግማሹ የጫማ ነው፤ ተረከዝ ከተረከዝ ሲገጥም የሚሰማው ድምፅ ከሌለ ሰላምታው ቃል እንደ ጐደለው ደብዳቤ ይቈጠራል። በባዶ እግር የተጋጨ ተረከዝ ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ እንጂ ለሌላ ለማንም አይሰማም።

በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከስዊድን የመጡ መኮንኖች፣ አለቃቸውም ካፒቴን ቪኪንግ ታም ነበሩ። ስለ እነዚህ የሆለታ ወጣቶች ስንጽፍ ሣቁን ጥቂት እንገታለን። ትምህርታቸውን ከጀመሩ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ጠላት መጣባቸው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተያዘች ጊዜ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ነቀምት ሄዱ፤ ወደ ነቀምት የሚወስደውም መንገድ በአዲስ ዓለም የሚያልፈው ነው። በዚያም ከሌሎች ጋራ ሆነው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ፤ በሰኔም ወር ቦነያ ላይ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች አቃጠሉ። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም እንጂ የጦር መኮንን አልነበሩም። በደንባቸውም ውስጥ ወታደራዊው ሥልጣን ለሲቪሉ ሥልጣን እንዲገዛ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛም በሰብአዊነት እንዲያዝ ተጽፎ ነበር። ደረት ነፍቶ ሰላምታ መስጠትን የተማሩት እነዚያ ወጣቶች ትከሻው ላይ ኮከብ ለሌለው ለእንስሳት ሐኪም መታዘዛቸውን ስናስብ፣ የሰላምታን ትምህርት ከንባቡ አልፈው እስከ ትርጓሜው የዘለቁ ይመስለናል።

በአምስቱ የጠላት ዘመን ሌላ ዓይነት ሰላምታ መጣ። ይኸውም ቀኝ ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፍን ወደ ምድር መመለስ ነው፤ የሮማ ሰላምታ ይሉት ነበር። የሙሶሊኒም መንግሥት በገዛ አገሩ ሕዝቡ እጅ መጨባበጥን ትቶ ይህን እንዲይዝ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1938 አዞ ነበር። በእኛ ዘንድ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ክንድን የሚዘረጋ ሰው የልጁን ቁመት የሚያመለክት ነውና፣ በየአደባባዩ ክንዱን ዘርግቶ የተሰለፈው ሁሉ ልጅህ ምን ያህል አደገ ተብሎ የተጠየቀ ሕዝብ ይመስላል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ጦሩን እንደ ገና ለማሠልጠን የእንግሊዝ መኮንኖች መጡ፤ ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ አሜሪካውያን ተከተሉ፤ በሐረር የጦር አካዳሚ ደግሞ ህንዶች አስተማሩ። አንዱ መዳፍህን አሳይ፣ ሌላው መዳፍህን ሰውር በሚሉ መምህራን መካከል ያለፈ እጅ ቢደናገር የሚፈረድበት አይደለም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን ግን የአርበኞቹ ነገር ነው። አምስት ዓመት በዱር በገደል ጎፈሬያቸውን አሳድገው ከኖሩት ጎበዛዝት መካከል፣ ከጊንጪ አገር ገና በልጅነታቸው ሸፍተው በኋላ እስከ ሌተና ጄኔራልነት የደረሱት፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ጃገማ ኬሎ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ጎበዝ ወደ መደበኛው ጦር ሲገባ ጠላትን መግጠም አዲስ ትምህርት አልሆነበትም፤ ቆብ ማድረግ ግን አዲስ ትምህርት ነው። ቆብ በጎፈሬ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያስረዳ የጦር መጽሐፍ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በመጣው መንግሥት ዘመን ደግሞ የግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ ማንሣት የየስብሰባው ሥርዓት ሆነ። በ1969 ዓ.ም. ለሶማሊያ ጦርነት በታጠቅ የሠለጠነው ገበሬ ቀኝ እጁን ለአለቃው፣ ግራ እጁን ለመፈክር ማዘጋጀት ነበረበት፤ ይህንንም በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ታጋዮች ግን ሁለቱንም እጅ ትተው ትከሻ ለትከሻ በመጋጨት ሰላም ተባባሉ፤ ይህ ልማድ ወደ ከተማው ጎረምሳ ተላልፎ ቀርቷል።

የሌላው ዓለም ሰዎች ከዚህ መደናገር የዳኑ እንዳይመስለን። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ለወታደር እጅ አንሥተው መመለስን ልማድ ያደረጉት ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከሮናልድ ሬገን ጀምሮ ነው። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ ከሄሊኮፕተር ሲወርዱ የወረቀት ስኒ እንደ ያዙ በዚያው እጃቸው ሰላምታ መለሱ፤ ነገሩም በአገራቸው ለብዙ ቀን መነጋገሪያ ሆነ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በሲንጋፖር ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለአንድ የሰሜን ኮሪያ ጄኔራል እጃቸውን ለመጨበጥ ሲዘረጉ፣ ጄኔራሉ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ። ፕሬዚዳንቱም ይህን አይተው እንደ እርሱ አነሡ፤ ኋላም ተጨባበጡ። የሰሜን ኮሪያ ቴሌቪዥን ይህችን አፍታ ለሕዝቡ ማሳየትን አልዘነጋም። የጠላት አገር መሪ ለጄኔራላቸው እጁን አነሣ ማለት ለእነርሱ ትልቅ ወሬ ነውና።

ልጆች ግን ከመሪዎች ይልቅ ይሳካላቸዋል። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ትንሹ ጆን በግራ እጁ ሰላምታ የመስጠት ልማድ ነበረውና፣ ጠባቂዎቹ ቀኙን ሊያስለምዱት ይደክሙ ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1956 ዓ.ም. የአባቱ ሬሳ በፊቱ ሲያልፍ፣ ያን ቀን ሦስት ዓመት የሞላው ሕፃን ቀኝ እጁን አቅንቶ አነሣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያ ቀብር ላይ የማዕረግ ልብሳቸውን ለብሰው ተገኝተው ነበር። የዓለም ነገሥታትና ጄኔራሎች ሁሉ ባሉበት የዚያን ቀን ሰላምታ ሲነሣ የሚታወሰው የዚያ ሕፃን ነው።

በአሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን ወታደር ላልሆነ ሰው ይህ ሰላምታ የሚደርሰው በሁለት ስፍራ ነው። አንደኛው በበር ላይ ነው። ዘበኛው መኪና ሲያይ በውስጡ ያለውን ሳይመለከት እጁን ወደ ግንባሩ ይወረውራል፤ በእግሩ የመጣውን ባለ ማዕረግ ግን ወዴት ነህ ብሎ ያቆመዋል። ሁለተኛው በመንገድ ላይ ነው። ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ፣ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። እንደዚህ ያለ የሚያስደነግጥ አክብሮት በሌላ ስፍራ ያለ አይመስለንም። የተከበረው ሰው አንዳንዱ ራሱን ሦስት ጊዜ ይነቀንቃል፤ አንዳንዱ ታክሲ እንደሚጠራ ሰው እጁን ያወዛውዛል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሕፃናት ብቻ በሥርዓቱ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ያነሣሉ፤ እናታቸውም ዝም በሉ ብላ ትቈጣቸዋለች። በእኛ አስተያየት ግን ከሕፃናቱ በቀር የዕዳውን ነገር ያወቀ የለም። በወታደር ሥርዓት ሰላምታ የሰጠ የበታች፣ የበላዩ እስኪመልስለት ድረስ እጁን አያወርድምና፣ ሳይመልሱለት ማለፍ ሰውን በአደባባይ አቁሞ እንደ መርሳት ነው።

ይህም የደረሰ ነገር ነው። በአንድ ችሎት በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለን፣ የቀድሞ ሠራዊት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ስለ ውርስ ክርክር ስማቸው ተጠርቶ ገቡ። በታጠቅ ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ የዘመቱ ናቸው። ከዳኞቹ ፊት ሲደርሱ ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። ጋቢያቸው ወደቀ፤ በብብታቸው የያዙትም ወረቀት ከጋቢው ጋራ ተበተነ። ዳኞቹ መዝገቡን እያገላበጡ ነበርና አላዩም። በአግዳሚው የተቀመጡት ባለጉዳዮች መሣቅ ጀመሩ። እኛም ወረቀቱን ልንሰበስብ ተነሥተን፣

«አባባ፣ እጅዎን ያውርዱ፣ ይቀመጡ» አልናቸው።

«ሳይመለስልኝ?» አሉ፣ ከንፈራቸውን እንጂ ሌላ ነገር ሳያንቀሳቅሱ።

እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። በዚህን ጊዜ በበሩ የቆመው ወጣት ኮንስታብል መለዮውን አስተካክሎ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ እግሩን ከወለሉ ጋራ አጋጭቶ በሽማግሌው ፊት እጁን አነሣ። የእግሩ ድምፅ ዳኞቹን ከመዝገቡ ቀና አደረጋቸው። ሽማግሌው ኮንስታብሉን ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከቱት፤ ከዚያም እጃቸውን አውርደው፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አሳልፈው አደግድገው፣ ለዳኞቹ ደግሞ እንደ አገራቸው ልማድ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። መሐል ዳኛውም ከወንበራቸው ብድግ ብለው ተቀበሏቸው። ተከራካሪያቸው በዚያ ቀን ስላልቀረበ መዝገቡ ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ።