የአረቄ ማውጫ ዕቃን ያለ አደጋ ስለ መጠቀም



በብዙ ቤት አረቄ የምታወጣው እናት ናት። ለልጆች ደብተር፣ ለጨውና ለበርበሬ፣ ለዕድርም መዋጮ የሚሆነው ገንዘብ ከዚያችው እንስራ ይገኛል። ስለዚህ እኛ የጤና ሠራተኞች ወደ ቤታችሁ የምንመጣው እንስራችሁን ስበሩ ልንል አይደለም። ነገር ግን እሳት፣ የፈላ ድፍድፍና የአልኮል እንፋሎት በአንድ ጎጆ ሲገናኙ የሚያደርሱትን ጉዳት ስላየን፣ ያየነውን ልንነግራችሁ ግድ ሆነብን።

አንዲት እናት ገና ዳዴ የሚል ልጅዋን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ መጣች። ትኩሱ አተላ እንዲበርድ በገበቴ ተቀምጦ ሳለ ልጁ እግሩን ነክሮበት ኖሯል። ጎረቤት ቅቤ ቀባው፤ እሷም ይሻለዋል ብላ እስከ ሦስተኛው ቀን ቆየች። ቁስሉ መግል ይዞ ደረሰልን። ልጁ በሕይወት ተርፏል፤ ጠባሳው ግን ጉልበቱን ጨምድዶ ይዞታል። አንድ እንስራ ንጹሕ ውሃ በጊዜው ቢፈስበት ኖሮ ጉዳቱ በቀለለ ነበር።

ዕቃው የሚሠራው እንደዚህ ነው። ከጌሾ፣ ከብቅልና ከእህል የተጠነሰሰው ድፍድፍ በእሳት ላይ ይጣዳል። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን አልኮል ግን በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ በደጋ አገር ሁለቱም ከዚህ ዝቅ ይላሉ። ስለዚህ አልኮሉ ቀድሞ ይተንና በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው መቀበያ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እንግዲህ ሥራው የሚቆመው በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም በቀስታ እሳት፣ ባልተደፈነ መቃና በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አደጋ ይመጣል።

አንደኛ፤ እንስራውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሲሶው ባዶ ይሁን። እሳቱ ሲበረታ ድፍድፉ ገንፍሎ መቃውን ይደፍነዋል። መውጫ ያጣ እንፋሎት ምርጊቱን ፈንቅሎ ፊት ላይ ይፈነዳል። ከመጣዳችሁ በፊት በመቃው ውስጥ እፍ ብላችሁ አየር ማለፉን እዩ። የመቀበያውንም አፍ ግጥም አድርጋችሁ አትድፈኑት።

ሁለተኛ፤ መቀበያውን ከምድጃው በተቻለ መጠን አርቁት። ማቀዝቀዣውን ውሃ በእጃችሁ እየነካችሁ፣ ለብ ሲል ለውጡት። ውሃው ከሞቀ እንፋሎቱ ፈሳሽ ሳይሆን ይወጣና እሳት ያገኘዋል። ኩራዝ፣ ሻማ፣ ሲጋራም በአጠገቡ አይኑር። ይነድ እንደ ሆነ ልየው ብሎ ክብሪት መጫርማ ጨርሶ አይገባም፤ የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን በደንብ አይታይምና።

ሦስተኛ፤ ከምርጊቱ ሽታ ወይም እንፋሎት ሲወጣ ካያችሁ፣ መጀመሪያ እሳቱን በአመድ አጥፉ። እሳቱ እየነደደ ጭቃ ልለጥፍ አትበሉ። በአጠገባችሁም አፈርና የረጠበ ጆንያ ሁልጊዜ ይዘጋጅ።

አራተኛ፤ ከተቻለ በደጅ፣ በዳስ ሥር አውጡ። በቤት ውስጥ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት፤ ጭሱ የሕፃናትን ሳንባ ያሳምማል። ልጆች ወደ ምድጃው እንዳይቀርቡ አንድ ሰው ይጠብቃቸው። ትኩስ አተላም ተከድኖ፣ ልጅና ከብት በማይደርስበት ይቀመጥ።

አምስተኛ፤ አሮጌ የመኪና ራዲያተር ወይም በእርሳስ የተበየደ ቧንቧ አትጠቀሙ። እርሳሱ ከአረቄው ጋር ገብቶ ደምንና አእምሮን ይጎዳል። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ደግሞ ቢታጠብም አይነጻም።

ስድስተኛ፤ ኃይል እንዲጨምር ብላችሁ የቀለም ማቅጠኛ፣ የእጅ ማጽጃ ወይም የፋብሪካ አልኮል አትቀላቅሉ። ሜታኖል የሚባለው መርዝ በዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በሽታና በጣዕም አይለይም። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን መድፋትም ከዚህ መርዝ አያድንም። ጠጥቶ ካደረ በኋላ ዓይኑ የጨለመበት፣ ሆዱን የቆረጠው፣ ትንፋሹ የፈጠነ ሰው ቢኖር ስካር ነው ብላችሁ አትተዉት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መዘግየት ዓይንን ያሳውራል፤ ይገድላልም።

ሰባተኛ፤ አረቄ በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ጥቂቱ እንኳ ልጅን ራሱን ሊያስተው ይችላል። ከጠጣ አታስታውኩት፤ ይዛችሁት ሩጡ። ለሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ለሕፃን ማቅመስም ክልክል ነው። ነፍሰ ጡር እናትም ጥንካሬውን ልየው ብላ አትቅመስ፤ የምትቀምሰው ለፅንሱ ይደርሳልና።

ቃጠሎ ከደረሰ፣ ልብስና አምባር ቶሎ አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትጎትቱ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ እበት፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት፤ ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡት። በታጠበ ነጠላ ሸፍናችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ኑ። ለምን አረቄ አወጣሽ ብለን አንቆጣም።

አባቶችም ሥራው የሴት ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ውሃውን መቅዳት፣ ዳሱን መሥራት፣ ልጁን መያዝ የእናንተም ድርሻ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነውና፣ ዛሬውኑ እንስራችሁ የተጣደበትን ቦታ ዞር ዞር ብላችሁ እዩት።