የሕዝብ ራዲዮ ሚዛን በማን እጅ?

ጁላይ 16 ቀን 2025 የአሜሪካ ሴኔት የሕዝብ ራዲዮና ቴሌቪዥን በጀት ይሰረዝ አይሰረዝ በሚል ክርክር ተወጥሮ ሳለ፣ አላስካ ውስጥ ከሳንድ ፖይንት ከተማ በስተደቡብ መጠኑ 7.3 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ወዲያው የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የግዛቲቱ ሪፐብሊካን ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ፣ ለጠረፉ ነዋሪዎች ማስጠንቀቂያውን እያደረሱ ያሉት በጀታቸው ሊሰረዝ የተያዘው የሕዝብ ራዲዮ ጣቢያዎች መሆናቸውን በይፋ አሳሰቡ። ማስጠንቀቂያው በኋላ ተነሣ፤ ክርክሩ ግን ቀጠለ። ሌሊቱን ሴኔቱ 51 ለ48፣ በማግስቱም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ213 በሆነ ድምፅ፣ ለሁለት ዓመት ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዙት። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጁላይ 24 ቀን ፈረሙበት።

የተሰጠው ምክንያት ወገንተኝነት ነው። ፕሬዚዳንቱ ሜይ 1 ቀን ባወጡት ትእዛዝ ናሽናል ፐብሊክ ራዲዮ (ኤንፒአር) እና የቴሌቪዥን አቻው ፒቢኤስ ዜናን ያለ አድልዎ አያቀርቡም፣ ስለዚህ ከግብር ከፋዩ ገንዘብ ሊያገኙ አይገባም ብለው ነበር። ክሱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እንዲያውም ከኤንፒአር ደጋፊዎች ብዙዎቹ ከሚቀበሉት በላይ እውነት አለበት። ቅጣቱ ግን ክሱ የቀረበበትን ጥፋት ራሱን የሚያባብስ ነው፤ እንዴት እንደሚያባብስ ለማየት ነገሩን ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ሕጉን የፈረሙት ኖቬምበር 7 ቀን 1967 ነው። ሕጉ ሲፒቢ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀውን ኮርፖሬሽን አቋቋመ። ሥራው ከኮንግረስ የሚመጣውን ገንዘብ ለጣቢያዎች ማከፋፈል ነበር። ሕጉ በአንድ በኩል አከራካሪ ጉዳይ የሚነሣባቸው ፕሮግራሞች ተጨባጭነትንና ሚዛናዊነትን አጥብቀው እንዲጠብቁ ለኮርፖሬሽኑ ኃላፊነት ሰጠ። በሌላ በኩል የትኛውም የፌደራል ባለሥልጣን በፕሮግራሞቹ ይዘት ላይ እጁን እንዳያስገባ ከለከለ። ሚዛናዊ ሁኑ ይላል፤ ሚዛኑን መንግሥት አይለካው ይላል። እነዚህን ሁለት ትእዛዛት አብሮ ማኖር እንዴት እንደሚቻል ግን በዝርዝር አልተጻፈም። የሃምሳ ዓመቱ ጠብ ሁሉ የሚገኘው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ኤንፒአር በ1970 ተቋቁሞ በቀጣዩ ዓመት አየር ላይ ዋለ። ዋና የዜና ፕሮግራሙ «ኦል ቲንግስ ኮንሲደርድ» የጀመረበት ሜይ 3 ቀን 1971፣ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ሰልፈኞች ዋሽንግተንን ለመዝጋት የተነሡበትና በአንድ ቀን ከ7,000 በላይ ሰዎች የታሰሩበት ዕለት ነበር። አዲሱ ራዲዮ ዘጋቢዎቹን መንገድ ላይ አሰማርቶ የሰልፈኛውንም የፖሊሱንም ድምፅ ከነጫጫታው አሰማ። ያንን የሰማ አንዱ «በመጨረሻ የሕዝቡን ድምፅ የሚያሰማ ተገኘ» ሲል፣ ሌላው «በእኔ ገንዘብ የተቃዋሚ መድረክ ተከፈተ» ማለቱ አይቀርም።

በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የሲፒቢን በጀት በቬቶ ጣሉ። በይፋ የሰጡት ምክንያት ሥልጣኑ ከአካባቢ ጣቢያዎች ርቆ ወደ ማዕከል ተሰብስቧል የሚል ነበር። በኋላ ይፋ የሆኑት የዋይት ሐውስ ማስታወሻዎች ግን ንዴቱ በሕዝብ ቴሌቪዥን በተቀጠሩ ጋዜጠኞች ላይ እንደነበር ያሳያሉ። ከዚያ ትምህርት ወስዶ ኮንግረስ ከ1975 ወዲህ ብልህ መላ ዘየደ፦ ገንዘቡ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ይመደብ ጀመር። ዛሬ የተላለፈ ዜና ያስቆጣው ፖለቲከኛ ቁጣው እስኪበርድ ድረስ ካዝናው ላይ እንዳይደርስ ማለት ነው። በ2025 የተሰረዘው ይኸው አስቀድሞ የተመደበው ገንዘብ ነው። ለመጪው ጊዜ አልመድብም ማለት አንድ ነገር ነው። የተመደበውን መንጠቅ ግን አጥሩ የተሠራለትን ዓላማ ራሱን ማፍረስ ነው።

በመሐል የነበሩትን ዙሮች በአጭሩ ልለፋቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪች በጀቱን ወደ ዜሮ ለማውረድ ተነሥተው አልሆነላቸውም። በ2005 የሲፒቢ ሊቀ መንበር ኬኔት ቶምሊንሰን አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ምን ያህል ወደ ግራ እንደሚያጋድል የሚቆጥር ሰው በኮርፖሬሽኑ ገንዘብ ቀጥረው ተገኙ፤ የውስጥ ተቆጣጣሪው ደንብ ተላልፈዋል ሲል ከቦርዱ ወጡ። በ2010 ተንታኙ ሁዋን ዊሊያምስ በፎክስ ኒውስ ላይ ስለ ሙስሊሞች በተናገረው ከኤንፒአር ተባረረ። በማርች 2011 የተወካዮች ምክር ቤት 228 ለ192 ድምፅ ገንዘቡ ይቋረጥ አለ፤ ሴኔቱ አልተከተለም።

እስከዚያ ድረስ ክሱ ከውጭ የሚመጣ ነበር። ኤፕሪል 9 ቀን 2024 ከውስጥ መጣ። በኤንፒአር 25 ዓመት ያገለገሉት ከፍተኛ የቢዝነስ አርታኢ ዩሪ በርሊነር፣ ድርጅታቸው የአሜሪካውያንን አመኔታ እንዴት እንዳጣ የሚዘረዝር ረጅም ጽሑፍ አወጡ። ካቀረቧቸው አኃዞች የከበደኝ ስለ አድማጩ ያነሡት ነው። በ2011 ከአድማጩ 26 በመቶው ራሱን ወግ አጥባቂ፣ 23 በመቶው መሀል ሰፋሪ፣ 37 በመቶው ሊበራል ብሎ ይጠራ ነበር። በ2023 ወግ አጥባቂው ወደ 11 በመቶ ወርዶ ሊበራሉ 67 በመቶ ደረሰ። መሀሉ ብዙም አልተነቃነቀም። አንድ ወገን በ12 ዓመት ውስጥ ራዲዮውን ዘግቶ ሄደ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ጥፋት የኤንፒአር ነው ማለት ግን ታሪኩን መቁረጥ ይሆናል። የብሮድካስት ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይን ከሁለቱም ወገን እንዲያቀርቡ የሚያስገድደው የ1949 ደንብ በ1987 ሲነሣ፣ የወግ አጥባቂው የራሽ ሊምባው ፕሮግራም በቀጣዩ ዓመት በመላ አገሪቱ ተሰራጨ። ቀኑን ሙሉ ለአንድ ወገን ብቻ የሚናገር ራዲዮ አትራፊ መሆኑ ታየ። ወግ አጥባቂው አድማጭ የሚሄድበት ሌላ ቤት አገኘ፤ ከትራምፕ መነሣት በኋላ ደግሞ የመረጃ ምንጩ ሁሉ ለሁለት ተከፈለ።

ሆኖም በርሊነር ካነሧቸው ጉዳዮች አንዱ መልስ የለውም። በ2020 ምርጫ ዋዜማ የዴሞክራቱ እጩ የጆ ባይደን ልጅ የሃንተር ባይደን ላፕቶፕ ዜና ሲወጣ፣ የኤንፒአር የዜና ኃላፊ ዜና ባልሆነ ነገር የአድማጭን ጊዜ ማባከን እንደማይፈልጉ አሳወቁ። በ2022 ታላላቅ ጋዜጦች ከኮምፒዩተሩ ከወጡት ኢሜይሎች ብዙዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን አረጋገጡ። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ካትሪን ማሀር በማርች 2025 ኮንግረስ ፊት ቀርበው ጉዳዩን በሚገባ አለመከታተሉ ስሕተት እንደነበር አምነዋል። የራዲዮ አድልዎ ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚህ መልክ ነው። አንባቢው የውሸት ቃል አልተናገረም፤ የተጠየቀው እንግዳም ጨዋ ነው። ጥያቄው የጠዋቱ የአርታኢዎች ስብሰባ ላይ ምን «ዜና አይደለም» ተብሎ ቀረ የሚለው ነው። ሁሉም አንድ ሠፈር የሚኖር፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ያለፈ፣ እርስ በርሱ የሚስማማ ሰው በተሰበሰበበት ክፍል «ይኼስ ለምን ይታለፋል?» የሚል ሰው ይጠፋል።

ይህን ዓይነቱን ስሕተት በቆጠራ ልያዘው ሲሉ ግን ያመልጣል። በርሊነር በዋሽንግተን ካሉት የኤንፒአር አርታኢዎችና ዘጋቢዎች 87ቱ በዴሞክራትነት የተመዘገቡ ሲሆኑ አንድም ሪፐብሊካን አላገኘሁም ብለዋል። የማለዳው ፕሮግራም አቅራቢ ስቲቭ ኢንስኪፕ በበኩላቸው የየትኛውም ፓርቲ ምዝግብ አለመሆናቸውን ጠቅሰው ቆጠራውን ተቃወሙ። ዋሽንግተን ከሚመዘገበው መራጭ ሦስት አራተኛ ገደማው ዴሞክራት የሆነባት ከተማ ናት፤ ከንቲባው የሚለየው በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ስለሆነ፣ ለከተማው ሲሉ ብቻ የሚመዘገቡም አሉ። ፌር የተባለው ወደ ግራ የሚያዘነብል የሚዲያ ታዛቢ በ2004 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ በኤንፒአር ከቀረቡት የፓርቲ ሰዎች 61 በመቶዎቹ ሪፐብሊካን፣ 38 በመቶዎቹ ዴሞክራት ነበሩ። ያኔ ዋይት ሐውስም ኮንግረስም በሪፐብሊካኖች እጅ ነበሩ፤ ዘጋቢ ደግሞ ሥልጣን ወዳለበት ይሄዳል። ያንኑ ራዲዮ ሠራተኛውን የቆጠረ ግራ፣ እንግዳውን የቆጠረ ቀኝ ይለዋል።

እኩል ደቂቃ መስጠትም አያድንም። ኤንፒአር በ2012 ባወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ፣ እሱ እንዲህ አለ ሌላው እንዲያ አለ ብሎ ከመተው ይልቅ ለእውነቱ ታማኝ መሆን ይቀድማል አለ። ቢቢሲም በ2018 የአየር ንብረት ለውጥን የሚክድ እንግዳ ለሚዛን ብሎ መጋበዝ እንደማያስፈልግ ለጋዜጠኞቹ አሳወቀ። መርሁ ትክክል ነው። አደጋው ግን እውነቱ ገና ባልለየበት ጉዳይ ላይ እንደለየለት አድርጎ መሥራት ነው። ኮቪድ ከቤተ ሙከራ አፈትልኮ ሊሆን ይችላል የሚለው ግምት በ2020 እንደ ተረት ተጣለ፤ የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ግን ከዓመታት በኋላም በአንድ ቃል አልተናገሩበትም።

በርሊነር ለአምስት ቀን ያለ ደመወዝ ታግደው ወዲያው ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያን ጊዜ በጻፉት ሁሉ የመንግሥት ድጋፍ ይቋረጥ የሚለውን ጥሪ እንደማይደግፉ ገልጸው ነበር። ጽሑፋቸው ግን ከኮንግረስ አዳራሽ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ጥቂት ልበል። የአማርኛ አድማጭ ይህን ክርክር ያውቀዋል። ከ1982 ጀምሮ በአማርኛ ሲያሰራጭ የኖረው የአሜሪካ ድምፅ እንደ ኤንፒአር የሕዝብ ሳይሆን የመንግሥት ጣቢያ ነው፤ ነገር ግን እሱም ትክክለኛና ሚዛናዊ ዜና እንዲያቀርብ በ1976 በሕግ ታዟል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ዋሽንግተን ያሉ ጋዜጠኞቹ በአዲስ አበባ ተከሰው ክሱ በኋላ ተነሣላቸው። በ2010 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአማርኛውን ሥርጭት የሩዋንዳውን የዘር ጭፍጨፋ ካቀጣጠለው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አመሳስለው ሞገዱን ለማፈን እንደተዘጋጁ ተናገሩ። በማርች 2025 የጣቢያው ከ1,300 በላይ ሠራተኞች ከሥራ ሲታገዱ የመጣው ክስ ያው ወገንተኝነት ነው፤ ከሳሹ ግን በዚህ ጊዜ ዋሽንግተን ነበር። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን ልዩ ልዩ አስተያየቶችን የሚያስተናግድ እንዲሆን ያዛል። አንቀጹ ከአሜሪካው አያንስም። በሁለቱም አገር ያልተፈታው ነገር አንድ ነው፦ ገንዘቡን የሚሰጠው አካል የክርክሩ አንድ ወገን ሆኖ ሳለ፣ ስለ ሚዛን ከሳሽም ዳኛም ሲሆን ማን ያምነዋል?

ወደ ቅጣቱ ልመለስ። ኤንፒአር ራሱ ከበጀቱ በቀጥታ ከፌደራል መንግሥት የሚያገኘው አንድ በመቶ ገደማ ነበር። የሲፒቢ ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለአካባቢ ጣቢያዎች ነበር። በትልልቅ ከተሞች ያሉት ከአድማጭ መዋጮና ከስፖንሰር ስለሚኖሩ ይጎዳሉ እንጂ አይወድቁም። በአላስካዋ ቤተል ከተማ የሚገኘው ኬዋይዩኬ የተባለው ጣቢያ ግን ከገቢው 70 በመቶ ያህሉ ከሲፒቢ ነበር። በእንግሊዝኛና በዩፒክ ቋንቋ ያሰራጫል። በኦክቶበር 2025 የሃሎንግ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ኪፕኑክንና ክዊጊሊንጎክን አጥለቅልቆ ከ1,500 በላይ ሰዎችን ሲያፈናቅል፣ ጣቢያው ዜናውን የሠራው ያንን ገንዘብ ባጣበት ወቅት ነው።

አሁን ራዲዮውን የሚያኖረው ማን ነው? መዋጮ የሚከፍለው አድማጭ። እሱ ደግሞ በአብዛኛው የከተማ ሰው፣ የተማረ፣ ገቢው የተደላደለ ነው፤ በርሊነር ባቀረቡት አኃዝ መሠረት ከሦስት አድማጭ ሁለቱ ሊበራል ናቸው። ከደጋፊው ኪስ የሚኖር ጣቢያ ደጋፊውን ቅር የሚያሰኝ ዜና ከመሥራቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። የመንግሥት ገንዘብ፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ መክፈል የማይችለውንም ራዲዮውን የማይወደውንም ገበሬና ዓሣ አጥማጅ አገልግሉ የሚል ግዴታ ይዞ ይመጣ ነበር። የሕዝብ ራዲዮ ሪፐብሊካን በሚመርጥ ሕዝብ መካከል ቢሮና ዘጋቢ እንዲኖረው ያደረገው ይኸው ገንዘብ ነው። ዋሽንግተን ያለው አርታኢ የማያውቀውን አገር የሚያውቅ ሰው በስልክ የሚያገኘው በእነዚህ ትንንሽ ጣቢያዎች በኩል ነበር።

ኦገስት 1 ቀን 2025 ሲፒቢ ሥራውን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። የ1967ቱ ሕግ ተጨባጭነትንና ሚዛናዊነትን አስጠብቅ ብሎ ያዘዘው ኤንፒአርን አልነበረም፤ ይህንኑ ኮርፖሬሽን ነው። እሱ ሲዘጋ ትእዛዙ የሚደርሰው ተቋም አልቀረም። ኮንግረስ ኤንፒአር ሚዛኑን ስቷል ብሎ ሲቆጣ፣ ስለ ሚዛን ሊጠይቅበት የሚችለውን ብቸኛ ሕጋዊ መሠረት አብሮ ጣለው። ከእንግዲህ የኤንፒአር አርታኢዎች የሄዱትን አድማጮች ለመመለስ ቢጥሩ በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ባይጥሩም የሚጠይቃቸው የለም።