ላይን ሚክሰር፦ ማን ይግዛው?

ጦር ኃይሎች አካባቢ እየኖረ ሠርግ የሚሠራ ኪቦርዲስት ተሸክሞ የሚወጣው ዕቃ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ኪቦርዱ አለ፤ ቅንብር የሚለቅበት ላፕቶፕ አለ፤ እረፍት ላይ ዘፈን የሚከፈትበት ስልክ አለ። የአዳራሹ ሳውንድማን ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አንድ መግቢያ ነው። «አንድ ላይ አድርገህ ላክልኝ» ይለዋል። ላይን ሚክሰር የምትባለው ትንሽ ሳጥን የተሠራችው ለዚህ ነው። ብዙ ሲግናል ተቀብላ፣ የእያንዳንዱን መጠን አስተካክላ፣ አንድ አድርጋ ታወጣለች። ቦርሳ ውስጥም ትገባለች፤ ይህ ደግሞ ኪቦርድ ተሸክሞ የአያትን ባቡር ለሚጠብቅ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘብ ለመቆጠብ የኪቦርዱንና የላፕቶፑን ገመድ በአንድ መጋጠሚያ አጣምሮ የሚሞክር አይጠፋም። ድምፅ ይወጣል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። የኪቦርድም ሆነ የላፕቶፕ መውጫ የተሠራው ሲግናል ለመላክ ነው። ሁለቱ በቀጥታ ሲገናኙ አንዱን በር ከውስጥና ከውጭ እንደሚገፉ ሰዎች ይሆናሉ፤ ድምፁ ይደክማል፣ ይሻክራል፣ የአንዱን ቮልዩም ሲነኩ የሌላውም ይለዋወጣል። እንዳይጋፉ በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ሬዚስተር መግባት አለበት።

ፓሲቭ የሚባለው ሚክሰር ሲከፈት ከመግቢያ ጃኮቹና ከማዞሪያዎቹ ሌላ ውስጡ ያለው ይኸው ሬዚስተር ነው፤ ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎ ኦም ገደማ። መብራት አይፈልግም፤ የሚበላሽ ነገርም የለው ማለት ይቻላል። ግን አራት መግቢያ ያለው ከሆነ እያንዳንዱ ሲግናል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በዴሲቤል 12 መሆኑ ነው። የወረደውን የሚያነሳው ቀጥሎ ያለው ዕቃ ነው፤ ሲያነሳ ሽሽ የሚለውንም ድምፅ አብሮ ያነሳዋል። አክቲቩ ውስጡ አምፕሊፋየር ስላለው የጎደለውን ራሱ ይሞላል፣ አንዱ መግቢያ ሲነካም ሌላው አይናወጥም። ለአዳራሽ ሥራ እኔ ያለ ማመንታት አክቲቩን እመርጣለሁ።

ከአክቲቮቹ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የቤህሪንገር ኤምኤክስ400 ነው፤ አራት መግቢያ፣ አንድ ሞኖ መውጫ። አራት ይበቃል? እዚህ ላይ የሚቆጠረው ዕቃው ሳይሆን ገመዱ ነው። ኪቦርዱ «ሞኖ» ከተባለው መውጫው በአንድ ገመድ ይገባል። ላፕቶፕና ስልክ ግን ግራና ቀኝ ስለሚልኩ ሁለት ሁለት ይወስዳሉ፤ ድምሩ አምስት ሆነ! ስለዚህ ወይ ላፕቶፑና ስልኩ በየተራ ይሰካሉ፣ ወይ ስቴሪዮ መግቢያ ያለው ሰፋ ያለ ሚክሰር ይገዛል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን በማይክ ምክንያት ነው። ላይን የሚባለው ሲግናል በቤት ዕቃዎች 0.3 ቮልት፣ በስቱዲዮ ዕቃዎች ደግሞ 1.2 ቮልት ገደማ ነው። ማይክ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ማይክ ላይን ሚክሰር ላይ ቢሰካ ማዞሪያው እስከ ጥግ ቢዞርም ዘፋኙ አይሰማም። በማይክ የሚነሳ ማሲንቆም፣ ፕሪአምፕ (ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ክፍል) የሌለው ፒካፕ የተገጠመለት ክራርም ዕጣቸው ያው ነው።

የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ብቻውን የቀዳው አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የሪትም መሣሪያ እየደራረበ ነው። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ስሙን ለአዲስ ትውልድ አስተዋውቋል። ዛሬ እነዚያን አራት መሣሪያዎች መድረክ ላይ ይዞ ለሚወጣ ሰው ላይን ሚክሰር ይበቃዋል? ሲንተሳይዘሩና ሪትሙ በቀጥታ ይገባሉ። ፒያኖው እንደ ዓይነቱ ነው፤ ውስጡ ፕሪአምፕ ያለውም የሌለውም አለ። አኮርዲዮኑ ግን ማይክ ይፈልጋል። አንድም ማይክ ያለበት ሰው፣ ትንሽ ይክበደው እንጂ፣ የማይክ ጌይን ያለው መደበኛ ሚክሰር ቢገዛ ይሻለዋል።

ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሆኖ ሲሰካ ስፒከሩ ማጉረምረም ከጀመረ ሚክሰሩን ከመውቀስ በፊት ቻርጀሩን ነቅሎ ማዳመጥ ነው። ጠፋ? እንግዲያው መንስኤው ዕቃዎቹ በመሬት ሽቦና በድምፅ ገመድ ዙሪያ ተያይዘው የመብራቱን 50 ኸርዝ ማምጣታቸው ነው። በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ማስገባት ይፈታዋል። የመሬት ሽቦውን ቆርጦ የሚገላገል አለ፤ ይህ ድርጊት ግን ሰው ሊገድል ይችላል።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዛ የራስን ገመድና ስልክ ይዞ መሄድ ነው። ምንም ዘፈን ሳይከፈት ማዞሪያዎቹን ሁሉ ጥግ አድርሶ በሄድፎን ማዳመጥ፤ ሽሽ የሚለው ድምፅ ጎልቶ ከተሰማ አዳራሽ ውስጥ ይብሳል። ከዚያ ዘፈን ከፍቶ አንድ በአንድ ማዞር፤ ሲዞር ኩርር የሚል ካለ ሌላ ይምጣ ማለት ነው። አዳፕተሩም ከካርቶኑ ውስጥ መኖሩ ይታይ፤ በኋላ የሚተካው ቮልቴጁና ፖላሪቲው ከሳጥኑ ጀርባ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት።