ስለ ኢንተርኔት መስመር መዘግየት፦ በዘነበወርቅ አንድ የንግድ ቤት የደረሰው ችግርና የተገኘለት መፍትሔ

በጅማ መንገድ ወደ አየር ጤና የሚያልፍ መንገደኛ የዘነበወርቅን ሠፈር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ ስም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተቋቁሞ የነበረው ሆስፒታል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ለተመሠረተው ለአለርት የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል መነሻ ሆኗል፤ ሠፈሩም እስከ ዛሬ በልዕልቲቱ ስም ይጠራል። ከዚሁ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ የንግድ ቤት ውስጥ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ ከውጭ አገር እያስመጡ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ አሉ። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ሁለተኛው ፎቅ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ በስተጓሮ ያለው ዙሪያውን በቆርቆሮ የተሠራ ትልቅ መጋዘን ነው። እኚህ ነጋዴ ለብዙ ወራት ሲያማርሩ የኖሩት ስለ ቀረጥ ወይም ስለ ውጭ ምንዛሪ አልነበረም፤ ስለ ኢንተርኔት መስመራቸው መዘግየት ነበር እንጂ።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ለነጋዴው ከደብዳቤና ከፋክስ የሚረዳ አንድ ተጨማሪ መገናኛ ብቻ ነበረ፤ ቢዘገይም የሚጎዳው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የገቢና የወጪ ዕቃ ፈቃድ የሚጠየቀው በኮምፒዩተር ነው። ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በየሱቁ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በስልኩ ይከፍላል። ስለዚህ መስመሩ የዘገየበት ነጋዴ ደንበኛውን በመደርደሪያው ፊት አቁሞ ያስጠብቃል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰነዱ በጊዜው ባለመላኩ ኮንቴይነሩ በሞጆ ደረቅ ወደብ ሲቆይ የማቆያ ኪራይ ይቆጠርበታል። በዘነበወርቁ የንግድ ቤት የደረሰው ይኸው ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የሰነዶቹን ቅጂ ለመላክ ከጠዋት እስከ ማታ ስትታገል ውላ ሳይላክ እየቀረ፣ ሁለት ቀን ያለ ጥቅም አለፈ።

ነጋዴው በመጀመሪያ ያደረጉት ብዙዎች የሚያደርጉትን ነው። በሴኮንድ 20 ሜጋቢት የነበረውን መስመር ወደ 50 ከፍ አስደረጉ፤ የወሩም ክፍያ ጨመረ፤ ፍጥነቱ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ቀጥሎ ለመጋዘኑ የዋይፋይ ማራዘሚያ ገዙ፤ ይህም ነገሩን አባባሰው። በመጨረሻ አንድ ወጣት ባለሙያ ተጠራ።

እዚህ ላይ ስለ መለኪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነውና። መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ሲሆን ኮምፒዩተር አንድን ሰነድ ሲያወርድ የሚያሳየው ግን በሜጋባይት ነው፤ 8 ቢትም 1 ባይት ነው። እንግዲህ የ50 ሜጋቢት መስመር የገዛ ሰው በኮምፒዩተሩ ላይ 6 ሜጋባይት ያህል ቢያይ አልተታለለም። ቡና በፈረሱላ ገዝቶ በኪሎ የመዘነ ነጋዴ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ካላወቀ ከሚዛኑ ጋር መጣላቱ አይቀርም።

ባለሙያው ሥራውን የጀመረው ከመንገዱ ጫፍ ነው። ከራውተሩ ላይ የተሰካውን ገመድ ሁሉ ነቀለ፤ ዋይፋዩንም አጠፋ፤ የራሱን ላፕቶፕ በአጭር አዲስ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ለካ። ውጤቱ 47 ሜጋቢት ሆነ።

«ጋሼ፣ ከውጭ የሚመጣው መስመር ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ ያለው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው» አለ።

«ታዲያ እኔ እስካሁን ከድርጅቱ ጋር ስከራከር የከረምኩት በከንቱ ነዋ፣ ልጄ?» አሉ ነጋዴው።

ይህ የመጀመሪያው መለኪያ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ዋይፋይ በግድግዳ፣ በጎረቤት መሣሪያና በርቀት ስለሚለዋወጥ፣ በስልክ ለክቶ «መስመሩ ደካማ ነው» ማለት ፍርድ አይሆንም። በኬብል ራውተሩ ሥር ሲለካ ፍጥነቱ ትንሽ የሆነ እንደሆነ ግን፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ ከውጭ ሊሆን ይችላል። ነጋዴውም ለሦስት ቀን ያህል ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየለካ ከነሰዓቱ ቢጽፈው አቤቱታው ክብደት ያገኛል። በተለይ እስከ ዛሬ በአሮጌው የስልክ የመዳብ ሽቦ የሚጠቀሙ ሰዎች በዝናብ ወራት ይህን ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ውኃ የገባበት መጋጠሚያ ፍጥነትን ይቀንሳልና፣ በስልኩም ውስጥ ሲንሿሿ ይሰማል።

ከዚያ ባለሙያው ወደ ፎቅ ወጣ። በጽሕፈት ቤቱ ያለው ኮምፒዩተር በኬብል የተገናኘ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም ነበር፤ ሲለካ ግን 4 ሜጋቢት ብቻ አሳየ። ማከፋፈያው ስዊች ላይ ያለችው መብራት ቀለምም ከሌሎቹ የተለየ ነበር፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሲታይ ግንኙነቱ በ10 ሜጋቢት የቆመ ሆነ። ኬብሉን እየተከተለ ሲወርድ ምክንያቱን አገኘው፤ ኬብሉ በመስኮት ፍሬም ውስጥ አልፎ ተጨፍልቋል፣ ከዚያም በታች ቁመቱ አልበቃ ብሎ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ ሽቦ ለሽቦ ተጠማዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። የመብራት ሽቦ እንዲህ ቢቀጠል መብራቱ ይበራል፤ የኔትወርክ ኬብል ግን እንዲህ አይደለም። በውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተገምደው ይገኛሉ፤ ግምዱም የተሠራው አንዱ ጥንድ ሌላውን እንዳይረብሽ ነው። ለ1000 ሜጋቢት ስምንቱም ያስፈልጋሉ፤ ለ100 አራቱ ይበቃሉ፤ ግምዱ ከተፈታና ሽቦው ከተጎዳ መሣሪያዎቹ ራሳቸው እየተስማሙ ወደ 10 ይወርዳሉ። ኬብሉ በመልካም ሁኔታ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያደርሳል። ነገር ግን በገበያ ላይ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ርካሽ ኬብል ስላለ፣ የሚገዛ ሰው ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጎ ቢያይ አይጎዳም፤ ከሥር ነጭ ብረት ከታየ መዳብ አይደለም።

አዲስ ኬብል ተዘርግቶ የጽሕፈት ቤቱ ፍጥነት 45 ደረሰ። ሁሉም ደስ አላቸው። ደስታው ግን የቆየው እስከ ረፋዱ ድረስ ብቻ ነበር፤ ሱቁ በሰው ሲሞላ ፍጥነቱ ተመልሶ ወደ 5 ወረደ።

ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ለማግኘት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። ነጋዴው ሱቃቸውን ከስልካቸው ላይ ለማየት ሲሉ 8 ካሜራዎች አስተክለው ነበር። ካሜራዎቹ ሰው ሲንቀሳቀስ ባዩ ቁጥር ሥዕሉን በባሕር ማዶ ወዳለ ማከማቻ ይልካሉ። ሌሊትና ማለዳ እንቅስቃሴ ስለሌለ ዝም ይላሉ፤ ገበያ ሲደራ ግን ስምንቱም በአንድነት ይልካሉ። የመላኪያው አቅም ከመቀበያው ያነሰ ስለነበር ወዲያው ሞላ። «መላኪያው ቢሞላ መቀበያው ለምን ይዘገያል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ነገሩ እንደ ዕቃ ርክክብ ነው፤ የሚቀበለው ኮምፒዩተር የደረሰውን ያህል «ደርሶኛል» እያለ ካልመለሰ ላኪው ተከታዩን አይልክም። ያ የርክክብ ደረሰኝ በካሜራዎቹ ጭነት ኋላ ተሰልፎ ሲጠብቅ፣ የሚመጣው ዕቃም በመንገድ ይቆማል። ካሜራዎቹ በቤቱ ውስጥ ባለ መቅረጫ ላይ ብቻ እንዲያስቀምጡና ነጋዴው ሲከፍቷቸው ብቻ ወደ ውጭ እንዲልኩ ተደረገ።

የቀረው መጋዘኑ ነበር። ቆርቆሮ የሬዲዮን ሞገድ ይመልሳል እንጂ አያሳልፍም፤ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ከውጭ ያለውን ዋይፋይ የሚያገኘው በበርና በቀዳዳ ብቻ ነው። የተገዛው ማራዘሚያ ደግሞ የሰማውን በዚያው ሞገድ መልሶ ስለሚናገር ጊዜው እኩሌታው ለመስማት፣ እኩሌታው ለመናገር ይሄዳል፤ ደካማ ሰምቶም ብርቱ ሊናገር አይችልም። ባለሙያው ማራዘሚያውን አነሣና እስከ መጋዘኑ ኬብል ዘርግቶ በጫፉ ላይ አንድ የዋይፋይ ሳጥን ሰቀለ። የሱቁንም ዋይፋይ ሲመረምር የአካባቢው ሱቆች ሁሉ በ6ኛው ቻናል ላይ ተደራርበው አገኘ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ሊሠራ የሚችለው በ1፣ በ6 እና በ11 ነው፤ ስለዚህ የሱቁን ወደ 1፣ የመጋዘኑን ወደ 11 አዛወረ። በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ላፕቶፖች ግን በ5 ጊጋኸርዝ እንዲያያዙ ተደረገ፤ ይህ ሞገድ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ግድግዳ ያደክመዋል።

አስተዋይ አንባቢ እንደሚረዳው፣ ነጋዴውን ይህን ያህል ያደናገራቸው ችግሩ አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱ ቢጠገን ሌላው ስለሚይዘው፣ የተደረገው ሁሉ የማይረባ መስሎ ይታይ ነበር። በየደረጃው እየለኩና አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሄድ ጊዜ ቢወስድም ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

የኮንቴይነሩ ሰነድ ጽሕፈት ቤቱ በተስተካከለ ማግሥት ተላከ፤ የማቆያው ኪራይ ግን ተከፍሏል። በሚቀጥለው ወር ነጋዴው መስመሩን ከ50 ወደ ቀድሞው 20 ዝቅ አስደረጉት፤ በጽሕፈት ቤቱም፣ በሱቁም፣ በመጋዘኑም ልዩነቱን ያስተዋለ ሰው አልተገኘም። ከመስኮቱ የወጣውን አሮጌ ኬብል ዘበኛው ወስዶ የልብስ ማስጫ አድርጎታል።